ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከረመ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ምርጫ ናቸው። ሌላ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ጨጓራ ነበር። እሺ፣ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ከጠየቁት ዝም አይልም። አቦሉ እስኪፈላ እንጀምር።

«መምህር፣ ኮምቦልቻ ባጃጅ የምነዳ ሰው ነኝ። ቦትስዋና ውስጥ 58 ዓመት የገዛ ፓርቲ በአንድ ምርጫ ወደቀ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ያውም ሰላም አገር ነው ይላሉ። ምን ነክቶት ነው? ተሳፋሪው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል።»

ወንድሜ፣ ተሳፋሪዎችህ ያሉህን ብትጽፍልኝ ኖሮ ግማሹን መልስ ከእነሱ እወስድ ነበር።

የቦትስዋና ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ አገሪቱ በፈረንጆች 1966 ነፃ ከወጣች ጀምሮ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። በ2019 ምርጫ 38 ወንበር አግኝቷል። በ2024፣ በእኛ ጥቅምት 20 ቀን 2017 በተደረገው ምርጫ ግን ከ61 ወንበር የደረሰው 4 ብቻ ነው። አራት! ባጃጅህ ላይ ልትጭናቸው ትችላለህ፣ ትራፊክ ካላየህ።

መጀመሪያ የኪስ ነገር ነው። ቦትስዋና የምትኖረው በአልማዝ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አልማዝ ዓለም ላይ በዛና የተፈጥሮው ገበያ ቀዘቀዘ። የመንግሥት ገቢ ሳሳ። ሥራ ከሚፈልገው ሰው ከሩብ በላዩ ሥራ አጥ ሆነ። ገበያውን ያበላሸው ፓርቲው አይደለም። ግን የራበው ልጅ አባቱን እንጂ የዓለም ገበያን አይጠይቅም።

ሁለተኛው የቤት ውስጥ ጠብ ነው። የቀድሞው ፕሬዝዳንት ኢያን ካማ ራሳቸው ከተኳቸው ከሞክዌትሲ ማሲሲ ጋር ተጣሉ። ፓርቲውን ጥለው ወጡ። ካማ ማለት ፓርቲውን የመሠረቱት የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ልጅ ናቸው። እሳቸው የደገፉት አዲስ ፓርቲ 5 ወንበር አገኘ። ከአባታቸው ፓርቲ በአንድ በለጠ። እንዲህ ያለ ነገር ተረት ቢሆን ማን ያምናል?

ሦስተኛውን ከራሴ ልንገርህ። ደሴ ውስጥ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። (ለማታውቁ፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ነው።) በዘጠነኛው ዓመት በምርጫ ወረድኩ። ያሸነፈኝ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያስተማርኩት ልጅ። 71 ለ48።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ አማረርኩ። «ቤት ለቤት ዞሮብኝ ነው» አልኳት። እሷ ሲኒዋን እያጠበች «ድንኳኑስ?» አለችኝ። ድንኳኑ ሁለት ክረምት ሙሉ ያፈስ ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰው ትከሻው ርሶ ይመለሳል። በየስብሰባው ይነሣል፣ እኔ «ይታሰብበታል» እላለሁ። መዋጮውን ከ10 ብር ወደ 25 ሳወጣው ግን አላሰብኩበትም። ማንንም አላማከርኩም።

ይህም ሆኖ ልብስ ሰፊው ያገኘው ድምፅ ያን ያህል ብዙ አልነበረም። የቅሬው አባል ከ200 ይበልጣል። ያልመጡት የኔ ሰዎች ናቸው። የገዛ አማቼን ብጠይቀው «እርስዎ መቼም አይሸነፉም ብዬ ነው» አለኝ፣ ቡናዬን እየጠጣ።

ጋና ላይ የሆነውም ይሄው ነው። በ2020 የገዢው ፓርቲ ዕጩ ወደ 6.7 ሚሊዮን ድምፅ አግኝተው ነበር። በ2024 የተኳቸው ዕጩ ባውሚያ 5 ሚሊዮን እንኳ አልሞላላቸውም። ያሸነፉት ጆን ማሃማ ድምፃቸው ከበፊቱ ብዙም አልጨመረም። በመሃል ኑሮ ተወዷል፤ በ2022 መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 50 አልፎ ነበር። የተከፋው ደጋፊ ተቃዋሚውን አልመረጠም። ቤቱ ቁጭ አለ። ለአንድ ፓርቲ ከዚህ የባሰ ሽንፈት ያለ አይመስለኝም፤ የሚሰድብህ ሰው እንኳ ለምን እንደከፋው ይነግርሃል።

«የዚያው የቦትስዋና ፓርቲ ከመቶ 30 ገደማ ድምፅ አግኝቷል ይባላል። ታዲያ 4 ወንበር ብቻ? ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ? መምህር ነኝ፣ ከሐይቅ።»

የሙያ ባልደረባዬ፣ ማጭበርበር አይደለም። ሒሳብ ነው። ለተማሪዎችዎ እንዲህ ይንገሯቸው። ሦስት ቀበሌ አለ፣ በየቀበሌው መቶ መራጭና አንድ ወንበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። በሦስቱም አንዱ ፓርቲ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 አገኘ እንበል። ሦስቱንም ወንበር ባለ 40ው ይወስዳል። ባለ 35ቱ በየሄደበት ሁለተኛ ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። በቦትስዋናው ምርጫ ከመቶ 21 ገደማ ድምፅ ያገኘ ሌላ ፓርቲ 15 ወንበር ወስዷል፤ ደጋፊው በተወሰነ አካባቢ ስለተከማቸ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ በ1993 ሲገዛ የነበረው ፓርቲ ከመቶ 16 ድምፅ አግኝቶ የቀረለት 2 ወንበር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኪም ካምቤል የራሳቸውንም ወንበር አጡ።

የእኛም አገር ሕግ ከዚህ ወገን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በአንድ የምርጫ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያልፋል ይላል። በእኛ 1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ሲወስድ ኢሕአዴግን የመረጠ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በእኛው 2007 ደግሞ 547ቱም ወንበር ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሲሆንም ሌላ የመረጠ ሰው ነበር። ደሴ ውስጥ አብረውኝ ቡና ይጠጣሉ። ስለዚያ ምርጫ ሌላም የሚባል አለ፤ ለሱ ሌላ ገጽ ይፈልጋል።

ስርቆት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ማላዊ ውስጥ በ2019 የውጤት ቅጾች ላይ ቁጥሩ በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘው። በ2020 እንደገና ሲመረጥ ተቃዋሚው አሸነፉ። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ዳኛ ፊት መቅረብ የሚችል ተሸናፊ ሌላ ነው፣ «ተሰረቅኩ» ብሎ የሚጮኽ ብቻ ሌላ ነው።

«ተሸንፎም ሥልጣን ላይ የሚቆይ ፓርቲ አለ? ከከሚሴ።»

አለ። የደቡብ አፍሪካው ገዢ ፓርቲ ኤኤንሲ በ2024 ከመቶ 40 ገደማ አገኘ፤ ከ400 ወንበር 159። በ30 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን ሳያልፍ ቀረ። ግን አሁንም ከሁሉም ይበልጥ ነበርና ከዋናው ተቀናቃኙ ጋር ጥምር መንግሥት መሠረተ። ያኮረፈ ጎረቤት አንድ ማዕድ ላይ ሲቀርብ እንደሚሆነው ነው፤ ወጡ ይጣፍጣል አልልም፣ ግን ይበላል።

«ጋሼ፣ ባለፈው ምርጫ ወልድያ ላይ የአንድ ፓርቲ ወኪል ሆኜ ምርጫ ጣቢያ ውዬ ነበር። ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ ቢሮው ተዘጋ፣ ስልክ የሚያነሣ ጠፋ። ሰፈር ውስጥ ይቀልዱብኛል። የተሸነፈ ፓርቲ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? እኔስ ልተወው?»

እታለም፣ አብሽሪ። በኔም ተቀልዶብኛል።

ፓርቲ ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚመጣው «ማን አስበላን» ነው። ሊቀ መንበሩ ወጣቶቹን ይላል፣ ወጣቶቹ ሊቀ መንበሩን ይላሉ። ብዙው ፓርቲ የሚሞተው በምርጫው ቀን ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። የእኛን ቅንጅት ብታዪ በ1997 የአዲስ አበባን ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን አሸንፎ ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ። ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ሲፈቱ አንድ ሆነው አልቀጠሉም። የኬንያው ካኑ 39 ዓመት ገዝቶ በፈረንጆች 2002 ተሸነፈ። ዛሬ ስሙን የሚያነሣው የታሪክ መምህር ነው።

የሚነሣም አለ። ያ 2 ወንበር የቀረለት የካናዳ ፓርቲ አሥር ዓመት ተንገዳግዶ በ2003 ከሌላ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ጋር ተዋሃደ። በ2006 የተዋሃደው ፓርቲ መንግሥት ሆነ።

የተሸነፈ ሰው በማግስቱ የሚያደርገው ግን ከፓርቲው ዕጣ ይበልጣል። የቦትስዋናው ማሲሲ ቆጠራው ሳያልቅ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። የጋናው ባውሚያም በምርጫው ማግስት፣ ውጤቱ በይፋ ሳይነገር፣ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ። የኮትዲቯሩ ፕሬዝዳንት ሎራን ባግቦ ግን በ2010 ተሸንፈው አልወጣም አሉ። ወደ 3,000 ሰው ካለቀ በኋላ በ2011 ከተደበቁበት ምድር ቤት ተይዘው ወጡ።

ባግቦን ስኮንን ግን ትንሽ አፍራለሁ። እኔም ከተሸነፍኩ በኋላ የቅሬውን ማኅተምና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሦስት ሳምንት ይዤ ቆየሁ። «ሒሳቡ ሳይመረመር አላስረክብም» እያልኩ። መርማሪ የጠራሁ እንዳይመስልሽ። አኩርፌ ነው።

አንድ ሌሊት ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። ለፋፊው ሲጣራ እሰማለሁ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ገና ሳይነጋ አንዲት አሮጊት በዝናብ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ሬሳ ያንተን ኩርፊያ አይጠብቅም» አሉኝና እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉንም ማኅተሙንም ሰጠኋቸው። ይዘውት ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄዱ።

አንቺ ደግሞ ከመተውሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ወኪል ከነበርሽ የጣቢያሽ የውጤት ቅጽ ቅጂ ደርሶሽ ይሆናል፤ በር ላይ የተለጠፈውንም ፎቶ ያነሣ አይጠፋም። የሌሎቹንም ጣቢያ ወኪሎች ፈልጊ። ጣቢያ በጣቢያ ደርድሩት። የት ጠፋችሁ? የት ሁለተኛ ወጣችሁ? ከተመዘገበው ስንት ሰው ሳይመጣ ቀረ? ከዚያ ያልመጡትን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ቡና ላይ፣ ሳትከራከሩ። ፓርቲው ይህን ወረቀት ማየት ካልፈለገ ያኔ ተዪው። ካየው አብረሽ ቆዪ። የሚቀልዱብሽን በተመለከተ፣ በኔ ላይ ሁለት ወር ነው የቆየው፤ ከዚያ ሌላ መሳቂያ አገኙ።

ድንኳኑን አሰፍቼ ነው ያስረከብኩት ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። የሰፋው ልብስ ሰፊው ነው። በገዛ የስፌት መኪናው፣ በአንድ ቅዳሜ። በሚቀጥለው ክረምት ለቅሶ ደርሼ ከሥሩ ተቀመጥኩና ሳይታወቀኝ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። አያፈስም።