ፍላሹ ሲነቀል ላፕቶፑ አልነሳ አለ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት ተማሪ በወንድሟ ላፕቶፕ ተጠቅማ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፍላሽ ላይ ጫነች። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 አለው። ፍላሹ ተሰክቶ እያለ ሁሉም ይሠራል። ሲነቀል ግን ላፕቶፑ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ» (የኡቡንቱ ማስነሻ ስም ነው) የሚል ጽፎ ቀጥ ይላል። ፍላሹም ጓደኛዋ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። «ዊንዶውሱን አጥፍቼው ይሆን? ሱቅ ወስጄ ፎርማት ላስደርገው?» ትላለች።

እህቴ፣ ፎርማት እንዳታስደርጊው! ዊንዶውሱ አልተነካም፤ የወንድምሽ ፋይሎችም በቦታቸው አሉ። ስንት ሰው የመመረቂያ ጽሑፉንና የቤተሰብ ፎቶውን በእንዲህ ዓይነት ችግር በከንቱ አጥቷል። በጣም ያሳዝነኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። በዩኢኤፍአይ (በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች የማስነሻ ሥርዓት) የሚነሳ ኮምፒውተር ማስነሻ ፋይሎቹን ኢኤስፒ በሚባል ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ ያስቀምጣል። የ22.04 ኢንስቶለር (መጫኛው) ከታች በኩል «ቡትሎደሩ (ማስነሻው) የት ይጫን?» ብሎ ያስመርጣል። አንቺ ፍላሹን መርጠሽ ይሆናል። እሱ ግን በዩኢኤፍአይ ሲሠራ ምርጫሽን ትቶ መጀመሪያ ያገኘው ኢኤስፒ ላይ ይጭነዋል፤ ያ ደግሞ የላፕቶፑ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ፍላሹ ላይ፣ ማስነሻው ላፕቶፑ ውስጥ ሆኖ ቀረ። ግሩብ ሲነሳ ቀሪውን ፍላሹ ላይ ይፈልጋል፤ ሲያጣው እዚያው ይቆማል።

መጀመሪያ የወንድምሽን ሥራ እናስቀጥል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ኤግዚት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ኢንተር በይ። ብዙ ላፕቶፕ ወደ ቀጣዩ ማስነሻ፣ ማለትም ወደ ዊንዶውስ ያልፋል። እምቢ ካለ ሲበራ የቡት ሜኑውን ክፈቺ፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ከዚያ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን ምረጪ። እንደገባሽ ከሌላ ሥራ በፊት ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መጠበቂያ) መብራቱን እዪ። ከበራ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍ ከወንድምሽ የማይክሮሶፍት አካውንት አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። የቡት ቅደም ተከተል ሲነካካ ዊንዶውስ ይህን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ መፈለግ ጭንቅ ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ። ሰክተሽው ኡቡንቱን አስነሺና ጂፓርትድን (ፓርቲሽኖችን የሚያሳይና የሚያስተካክል ፕሮግራም) ክፈቺ። ፍላሹ ላይ የፋት32 ፓርቲሽን (ኢኤስፒ የሚሆነው ዓይነት) አለ? ብዙ ጊዜ ኢንስቶለሩ ራሱ ሠርቶ ባዶውን ይተወዋል። ከሌለ በጫንሽበት ላይቭ ፍላሽ (መጫኛው ባለበት በሌላኛው ፍላሽ) ተነስተሽ ዋናውን ፓርቲሽን ትንሽ አሳንሺ፤ 300 ሜጋባይት የሚሆን ፋት32 ፍጠሪና «ቡት» እና «ኢኤስፒ» የሚሉትን ፍላጎች (ምልክቶች) አድርጊበት።

ቀጥሎ በሩት (በሙሉ አስተዳዳሪ) ፈቃድ ፋይል ማኔጀር ክፈቺ። ላፕቶፑ ኢኤስፒ ውስጥ፣ «ኢኤፍአይ» ፎልደር ሥር፣ «ኡቡንቱ» የሚል ፎልደር አለ። እሱን ፍላሹ ኢኤስፒ ላይ በተመሳሳይ ቦታ ኮፒ አድርጊ። ከጎኑ «ቡት» የሚል ፎልደር ፍጠሪና ከ«ኡቡንቱ» ፎልደር ውስጥ ሦስቱን የማስነሻ ፋይሎች፣ ሺምኤክስ64ን (ሺሙን)፣ ግሩብኤክስ64ንና ኤምኤምኤክስ64ን አስገቢበት። ከዚያ የሺሙን ስም ቡትኤክስ64 ብለሽ ለውጪ፤ መጨረሻው ላይ ያለው ዶት ኢኤፍአይ እንዳለ ይቆይ። የጓደኛሽ ኮምፒውተር ስለ ፍላሽሽ ምንም አያውቅም፤ የማያውቀው ዲስክ ሲሰካበት የሚፈልገው በዚህ ስምና ቦታ ያለውን ፋይል ብቻ ነው። ሴኪዩር ቡትን (ፊርማ የሌለው ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) አጥፊ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ሺሙ የማይክሮሶፍት ፊርማ ያለበት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር ቀረ። ፍላሹ ላይ ባለው ሲስተም «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ያለው ኤፍኤስታብ ፋይል (ሲነሳ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች ዝርዝር) አሁንም የላፕቶፑን ኢኤስፒ መለያ ቁጥር ይዟል። እንዲሁ ከተተወ ኡቡንቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተነስቶ ያንን ፓርቲሽን ሲያጣ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል። «ቡት ኢኤፍአይ» የሚለውን መስመር ፈልጊና ቁጥሩን በፍላሹ ኢኤስፒ ዩዩአይዲ (መለያ ቁጥር) ተኪው፤ ቁጥሩን ጂፓርትድ ያሳይሻል። ይህ ከተስተካከለ ወደፊት የሚመጣው የግሩብ አፕዴትም ፍላሹ ላይ ያርፋል።

ጓደኛሽ ጋ ሞክሪው። እዚያ ከተነሳ ብቻ፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ፣ ላፕቶፑ ኢኤስፒ ውስጥ የቀረውን «ኡቡንቱ» ፎልደር አጥፊ። «ማይክሮሶፍት» የሚለውን ግን እንዳትነኪው፤ የዊንዶውስ ማስነሻ እሱ ነው። በመጨረሻ ባዮስ ገብተሽ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን አንደኛ አድርጊ።

ሌላ ጊዜ ስትጭኚ ቀድመሽ በጂፓርትድ የላፕቶፑን ኢኤስፒ ሁለቱን ፍላጎች አንሺ። ኢንስቶለሩ ኢኤስፒ መሆኑን ስለማያውቀው ያልፈዋል። ጭነሽ ስትጨርሺ ሪስታርት ከማድረግሽ በፊት መልሺያቸው።