ማይዲ88፦ ሲጠፋም ሥራ አላቆም ሲልም

ጥያቄ፦ ማይዲ88 የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሕፃናት በከባድ ኢንፌክሽን እንደሚጠቁ አንብቤአለሁ። የአጎቴ የምርመራ ውጤት ደግሞ ዋልደንስትሮም የተባለ የደም ካንሰር እንዳለባቸውና ይኸው ፕሮቲን እንደተለወጠ ይገልጻል። አንዱ ፕሮቲን በሁለቱም መንገድ እንዴት ይጎዳል? ለእኛ ለዘመዶቻቸውስ ያሰጋናል?

መልስ፦ ማይዲ88 ራሱ ተህዋሲያንን አይለይም፣ አይገድልምም፤ ሥራው ማገናኘት ብቻ ነው። በመከላከያ ሴሎች ላይ ያሉት ቶል መሰል የሚባሉ ተቀባዮች የባክቴሪያ ቅንጣት ሲያገኙ፣ ማይዲ88 በአንድ ጫፉ ከተቀባዩ፣ በሌላው ጫፉ ኢራክ4 ከተባለው ኢንዛይም ጋር ይያያዛል፤ መልእክቱም በዚህ መንገድ እስከ ጂኖች ደርሶ ትኩሳትና ብግነት የሚያስነሱ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ ያደርጋል። ብግነት የሚቀሰቅሰው የኢንተርሉኪን 1 ፕሮቲን ተቀባይም የሚሠራው በማይዲ88 በኩል ነው።

የማይዲ88 ጉድለት በሰው ላይ መኖሩ የተገለጸው በ2008 ሲሆን፣ ሕፃኑ የሚታመመው ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ጂን ሲወርስ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ የጉዳቱ ጠባብነት ነው፤ ይህን ያህል ብዙ ተቀባዮች የሚጠቀሙበት ፕሮቲን ጠፍቶም ሕፃናቱ አብዛኞቹን ቫይረሶችና ፈንገሶች ይቋቋማሉ፣ እንደ ኒሞኮከስና ስታፊሎኮከስ ያሉ መግል አምጪ ባክቴሪያዎች ግን ለሞት ሊያደርሷቸው ይችላሉ። ትኩሳታቸው ዘግይቶ ወይም ዝቅ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ሰውነታቸው አለመጋሉ ሐኪምን ሊያዘናጋ አይገባም። ዕድሜያቸው ሲገፋ ሌሎች የመከላከያ መንገዶች እየዳበሩ ስለሚሄዱ አደጋው ይቀንሳል።

በአጎትዎ ሕመም የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በፕሮቲኑ 265ኛ ቦታ ላይ ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በፕሮሊን ሲተካ፣ ማይዲ88 ከተቀባይ ምልክት ሳይጠብቅ ይሰባሰባል፤ ቢ የተባሉት ነጭ የደም ሴሎችም መሞት በሚገባቸው ጊዜ እንዲኖሩና እንዲባዙ የሚገፋፋ መልእክት ያለማቋረጥ ይደርሳቸዋል። ለውጡ ከ90 በመቶ በሚበልጡት የዋልደንስትሮም ሕሙማን ላይ ስለሚገኝ ሐኪሞች በሽታውን ከሚመስሉት ለመለየት ይጠቀሙበታል። ኢብሩቲኒብ የተባለው መድኃኒትም መልእክቱ ከሚያልፍባቸው ኢንዛይሞች አንዱን ያግዳል።

ስለ ዘር የጠየቁትን በተመለከተ፣ ይህ ለውጥ በሕይወት ዘመን በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ የሚፈጠር እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ከአንድ ሰው በላይ መያዙ ቢታወቅም፣ ጤነኛ ዘመድ የማይዲ88 ምርመራ እንዲያደርግ አይመከርም፤ ሌላም ዘመድ ተመሳሳይ የደም ሕመም ካለበት ግን ለአጎትዎ ሐኪም መንገር ይገባል።