እንሰት ድርቅን እንዴት ይችላል? ጥያቄና መልስ

በእንሰት አብቃይ ወረዳዎች ለዓመታት የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተጠየቅሁትን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንሰት ድርቅ ይችላል ይባላል። ውኃ አይፈልግም ማለት ነው?

መልስ፦ ይፈልጋል፤ ግን ያጠራቅማል። ግንድ የምንለው ተደራርቦ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ስለሆነ በቢላዋ ወጋ ሲደረግ ውኃው ይንጠባጠባል። ትልቁ ነገር ግን ቀጠሮ የሌለው መሆኑ ነው። በቆሎ በአበባው ሰዓት ዝናብ ከቀረበት የዓመቱ ድካም አለቀ። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ስለሚወስድ አንድ ክረምት ቢጎድልበት ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ሲቸግር ያልደረሰውንም ነቅሎ አሚቾውን፣ ማለትም ከመሬት ሥር ያለውን ወፍራም ክፍል መቀቀል ይቻላል። በጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚኖረው በዚህ ተክል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰሜን ላይ ለምን አንተክለውም?

መልስ፦ ሰሜን ላይ እንሰት ኮባ ይባላል፤ የሚታወቀውም ቅጠሉ ድፎ ዳቦ ሲጋገርበት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግን በጣና አካባቢ እንሰት ይበላ እንደነበር ጽፏል፤ ስለዚህ ሰበቡ አፈሩ ብቻ አይደለም። ችግኝ በመኪና ይጫናል፤ አሠራሩ ግን አይጫንም። ቆጮ ለማድረግ መፋቁን፣ መጭመቁን፣ ማብላላቱን የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ በብዙ ቦታ ወንድ ሥራውን በባህል አይነካውም። እኛ ደግሞ ሥልጠና ስንጠራ አባወራውን እንጠራለን! እኔም ብዙ ጊዜ ይህንኑ አጥፍቻለሁ።

ጥያቄ፦ የእናቴ እንሰት የመሐል ቅጠሉ ጠውልጎ ይሰበራል፤ ሲቆረጥም ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ምን ይረጭበት?

መልስ፦ አጠውልግ የሚባለው፣ በባክቴሪያ የሚመጣው የእንሰት በሽታ ይመስላል፤ የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ ነቅላችሁ ከጓሮው ራቅ አድርጋችሁ በጥልቅ ቅበሩት፤ ከብት እንዳይበላውም ተጠንቀቁ። ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት። አንድ ጊዜ የታመሙትን ተክሎች እየቆጠርኩ ስሄድ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ጓሮ ተሻገሩብኝ፤ ለካ የተከተልኩት ጎረቤታሞች የተዋዋሱትን የመስቀል ሰሞን ቢላዋ ኖሯል።

ጥያቄ፦ ቆጮ ብቻ ልጅ ያሳድጋል?

መልስ፦ አያሳድግም። ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ጎመኑም፣ አይቡም፣ ባቄላውም አብሮት ይቅረብ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የአባታችንን እንሰት ነቅሎ ጫት ሊተክል ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ አትቆጣው፤ ጫት የትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍናል፣ ቆጮ በዚያ ፍጥነት ብር አያመጣም። ከቤቱ አጠገብ ያለውን፣ ፍግ የጠገበውን መደብ ግን እንዲተወው ለምነው። የትኛው መደብ እንደሆነ ሚስቱን ጠይቃት፤ እርሷ ታውቀዋለች።