ጠይቁን፦ የተፈረመባቸው የካርቱን ሴሎች

ጥያቄ፦ አንድ ሻጭ የ«ቶም እና ጄሪ» ሴል (የካርቱን ሥዕል የተሣለበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ልሽጥልህ እያለኝ ነው። የካርቱኑ ፈጣሪዎች ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ ፈርመውበታል፤ ጥጉ ላይ 212/500 የሚል ቁጥር አለው። «ፊልሙ የተቀረጸው በዚህ ሥዕል ነው» ይላል። ልመነው? ከመክፈሌ በፊትስ ምን ልይ? (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ አይመኑት፤ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክርበታል፦ 212/500 ማለት ከ500 ተመሳሳይ ቅጂዎች 212ኛው ማለት ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። አንዱ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ስለሚቀረጽ ለአንድ ሰከንድ እንቅስቃሴ 12 ያህል ሥዕል ይሠራል፤ እያንዳንዱም ከቀዳሚው በጥቂቱ ይለያል። አንድ ዓይነት ሥዕል 500 ሆኖ ካሜራ ሥር አይገባም። እነዚህ በቁጥር የተወሰኑ ሴሎች ለሰብሳቢዎች ተብለው በኋላ የተዘጋጁ ናቸው። ሐሰተኛ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ በጥንቱ ዘዴ በእጅ የተቀቡት በጣም ያምራሉ። ካሜራ ሥር ያለፈ ሴል ዋጋ ግን አይክፈሉባቸው። የፊልም ሴሎች በዘመኑ ብዙዎቹ ታጥበው እንደገና ተሥሎባቸዋል፣ ወይም ተጥለዋል፤ የተረፉት የሚወደዱት ለዚህ ነው።

ሰብሳቢ የሚታለለው ዓይኑን ፊርማው ላይ ተክሎ ጀርባውን ሳያይ ሲቀር ነው። በሴል ሥራ መስመሩ ከፊት፣ ቀለሙ ከጀርባ ይሆናል። ከፍሬም አስወጥተው ብርሃን ከጎን ያብሩበት። በእጅ የተቀባ ከሆነ የብሩሽ ዱካ፣ ወፈር ያለ ቀለም፣ አንዱ ቀለም በሌላው ጠርዝ ላይ የተደረበበት ቦታ ይታያል። ጀርባው እንደ ቲሸርት ኅትመት ስስና ወጥ ከሆነ በስክሪን (ቀለም በተወጠረ ጨርቅ ውስጥ እየተገፋ) የታተመ ነው፤ ይህ ዓይነቱ በ2,500 ወይም በ5,000 ቅጂ ጭምር ይወጣ ስለነበር ዋጋው ዝቅ ይላል። በ10 እጥፍ ማጉያ ሲያዩት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ ግን ተራ ኅትመት ነው።

አሁን ወደ ፊርማው ይምጡ። ፕላስቲክ ቀለም አይመጥም፤ ስለዚህ የማርከር ቀለም ከላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ አንዱ መስመር በሌላው ላይ የሚያልፍበት ቦታም ጠቆር ይላል። ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ ፊርማ ይህ የለውም፤ በየቅጂው ላይም በቅርጽም በቦታም አንድ ነው። የዚያኑ እትም ሌሎች ቅጂዎች በጨረታ ቤቶች ፎቶ ላይ ፈልገው ያነጻጽሩ። ቀኑንም ያስሉ፦ ሐና ያረፉት በመጋቢት 2001፣ ባርቤራ በታኅሣሥ 2006 ነው (በአውሮፓ አቆጣጠር)። ከ2001 ወዲህ የተዘጋጀ እትም ላይ «የሐና የእጅ ፊርማ» ካለ ግዢውን ይተዉት። ሌሎቹ የካርቱን ዳይሬክተሮች ቸክ ጆንስ በ2002፣ ፍሪዝ ፍሬሌንግ በ1995 አርፈዋል፤ የእነሱንም በዚሁ መንገድ ያጣሩ።

ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ቁጥርና የእትሙ ስም ከሴሉ ጋር መግጠም አለበት። ሻጩ ራሱ አትሞ የሰጠው ወረቀት ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ከ30 ዓመት በፊት የተገዛ ሴል ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ፍሬሙን ስከፍት አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ቀለሙም በአንድ በኩል ተሰነጣጥቋል። (ከዱባይ)

መልስ፦ ሽታው ከፕላስቲኩ ነው። ሴሉ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ አሴቴት፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ አቼቶን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። የወጣው አሲድ ደግሞ መበላሸቱን ያፋጥነዋል። ፕላስቲኩ ይሸበሸባል፣ ቀለሙ አብሮት መሸብሸብ ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል።

ዛሬውኑ ከሌሎቹ ሴሎች ይለዩት። አየር የማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ አይክተቱት፤ አሲዱ ታፍኖ ይቀራል። አሲድ አልባ ካርቶን ውስጥ፣ ቀለሙ ወደ ላይ ሆኖ፣ በጠፍጣፋው ይተኛ። ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ወደ አገር ቤት ሲመጡ ኤሲውን አጥፍተው ከሆነ ጉዳቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። የመበላሸቱን መጠን ለማወቅ አሲድ የሚለኩ የወረቀት ቁራጮች ይሸጣሉ፤ ከሴሉ ጋር ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይዘጋባቸዋል። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ሴሉ ደህና ነው፤ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ከሄደ ብሷል።

የተላቀቀውን ቀለም በኮላ አይለጥፉ። ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ወረቀት ካለም አይጎትቱት፤ ሥዕሉን ይዞ ይነሳል። ይህ የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው።

መልሰው ሲሰቅሉት መስታወቱ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ይሁን፤ ሴሉን እንዳይነካ ዙሪያውን ወፈር ያለ የካርቶን ድንበር ይግባበት። ስኮች አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ፊርማው አጠገብ የጣት አሻራ አለ። በአልኮል ልጥረገው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በጭራሽ። አልኮል የማርከሩን ፊርማ ከአሻራው ጋር ያነሳዋል። መስመርና ፊርማ የሌለበትን ባዶ ፕላስቲክ ብቻ፣ ከፊት በኩል፣ በደረቅ ማይክሮፋይበር በቀስታ ያብሱ፤ አሻራው ፊርማውን ከነካ እንዳለ ይተዉት። ከእንግዲህ ጠርዙን ብቻ፣ በጥጥ ጓንት ይያዙ።