ለአገልግሎት ወደ ሰው አገር ለምትሄዱ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ከዚህ ከጅማ ለወንጌል አገልግሎት ወደ ውጭ አገር የምትላኩ ወጣቶች የጉዞ ቀናችሁ ሲቃረብ ወደ ቤቴ ጎራ ትላላችሁ። ነርስ መሆኔን፣ በወጣትነቴም ቻድ ውስጥ በሚሲዮናዊነት ማገልገሌን ስለምታውቁ ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ የጤና ነው። የቢጫ ወባ ካርድ፣ የማጅራት ገትር ክትባት፣ የወባ ኪኒን፣ አጎበር። መልሱም አጭር ነው። የቢጫ ወባን ክትባት አንዴ ከተወጋችሁ ዕድሜ ልካችሁን ያገለግላችኋል፤ ካርዱን በየ10 ዓመቱ ማሳደስ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። ማጅራት ገትር ከሴኔጋል እስከ እኛው አገር በተዘረጋው ቀጠና በደረቁ ወራት ስለሚነሳ ክትባቱን አትዝለሉት። ይህን ሰምታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ አመስግናችሁኝ ትሄዳላችሁ።

ስለ ናፍቆት ግን የጠየቀኝ የለም። የምታፍሩ ይመስለኛል። ለጌታ ሥራ የወጣ ሰው እናቱ ናፍቃው ካለቀሰ ጥሪው የተጓደለ የሚመስለው ብዙ ነው። በሽኝቱ ዕለት መድረክ ላይ ቆሞ "ሁሉን ትቼ ሄጃለሁ" ያለ ልጅ፣ ወር ሳይሞላው የእህቱን ፎቶ እያየ ሆድ ሲብሰው ለማን ይናገራል? ለላኩት ቢናገር "ተዳከመ" ይሉታል ብሎ ይሰጋል። ለቤተሰቡ ቢናገር ያስጨንቃቸዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። እኔ ያየሁት ነገር ቢኖር ወጣቶችን ከአገልግሎት የሚመልሳቸው ናፍቆቱ ራሱ ሳይሆን ይህ ዝምታ መሆኑን ነው።

ከከተማችን ተነስታችሁ በበደሌ በኩል ወደ መቱ ስትሄዱ ሁሩሙን ታገኛላችሁ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለደው በዚያ አካባቢ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያ በ1870 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጣ። ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ምኞቱ አንድ ነበር፤ ወደ ወገኖቹ መግባት። በሱዳን በኩል ሞከረ፤ መንገዱ አልሆን ብሎት፣ በንዳድ ተይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወለጋ ገብቶ ለመኖር የበቃው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ምን ሠራ? ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ እሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየተጋገዘ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ያን ሁሉ ገጽ የጻፈው አገሩን ረስቶ የተጽናና ሰው አይደለም። በየቀኑ የናፈቃቸውን ሰዎች ቋንቋ ሲጽፍ የዋለ ሰው ነው። ናፍቆት ያለበት ሰው ለአገልግሎት አይሆንም የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

የናፍቆት ጊዜው መቼ እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ሁሉም ነገር አዲስ ስለሆነ ዓይናችሁም ልባችሁም ሥራ ይበዛበታል። የሚመጣው በኋላ ነው፤ ከቤት የቋጠራችሁት ድርቆሽና በርበሬ ሊያልቅ ሲል፣ እንግድነታችሁ ሲያበቃና ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲመለስ። እኔ የነበርኩት ከቻድ ዋና ከተማ ከኢንጃሜና ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ነበር። ሙቀቱ በበልጋችን ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለጅማ ልጅ፣ ዝናብና ጭቃ ለለመደ ሰው፣ አየሩ ራሱ ባዕድ ነው። ግን ሆዴን ያባባው ሙቀቱ አልነበረም፤ አዛን ነው። እዚህ ጅማ መንደራ ሰፈር ያደገ ሰው ክርስቲያንም ቢሆን የመግሪብ አዛን ማለት ለእሱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጆች ከጨዋታ የሚጠሩበት፣ ከሰል የሚቀጣጠልበት፣ የጎረቤት እናት "ቡና ጠጡ" እያለች በአጥር የምትጣራበት ሰዓት ነው። ቻድ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ ያው ድምፅ ሲሰማ እግሬ ወደ ቤት ሊሄድ ይነሳ ነበር። የሚሄድበት ቤት ግን የለም። ያን ጊዜ ገብቼ አለቅስ ነበር፤ አልቅሼም እራቴን እበላ ነበር። ማልቀሱ ነውር አይደለም። እራቱን መተው ግን አይገባም።

እዚህ ላይ እንደ ነርስ የምላችሁ አለ። ሐዘናችሁ ሁሉ ናፍቆት ላይሆን ይችላል። ለወባ መከላከያ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ሜፍሎኩዊን የሚባል ኪኒን አለ፤ ብዙዎች ላሪያም በሚለው ስሙ ያውቁታል። በአንዳንድ ሰው ላይ ከባድ ቅዠት፣ ጭንቀት፣ መባባትና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ከሁሉ የበረታውን ማስጠንቀቂያ ያሳተመበት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ወጣት በየሌሊቱ እየባነነ፣ በየጠዋቱ እየተረበሸ፣ ነገሩን ከመንፈሳዊ ውጊያ ቆጥሮት ጾም ሲጨምርበት አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ጸልዩ፤ ኪኒናችሁን ግን ለሐኪም አሳዩ። በየቀኑ የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊንን የመሰለ ሌላ አማራጭ አለ። በራሳችሁ ፈቃድ ብቻ አታቋርጡ፤ ወባው ይገድላል። ኪኒኑም ሳይኖር ደግሞ ምግብ ከተዘጋባችሁ፣ እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ የምትወዱት ሁሉ ካስጠላችሁና ይህ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ሊሆን ይችላል። የእምነት ማነስ አታድርጉት።

የተመደባችሁበት ቦታ ካሰባችሁት ሌላ ሲሆንም ናፍቆት ይከብዳል። ጅማ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። ሚሲዮናዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን በ1928 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ሲነሳ አሳቡ እዚህ ጅማ መግባት ነበር። ሆሳዕና፣ ወላይታና ሲዳማ ላይ ቀሩ። ያላሰቡት ያ ቦታ ግን ብዙ አማኞች የተገኙበት ሆነ፤ በዚያ ምን እንደተሠራ ከእኔ ይልቅ የወላይታ ልጆች ይነግሯችኋል።

አሁን ወደ ስልኩ። በእኔ ጊዜ ከቻድ ጅማ መደወል ትልቅ ጉዳይ ነበር። እናቴ ቀኑ ተነግሯት፣ ነጠላዋን ለብሳ ቴሌ ሄዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። መስመሩ ሲገኝ ግማሹ ሰዓት "ይሰማል? ይሰማሻል?" በመባባል ያልቃል። እናንተ በኢሞና በቴሌግራም ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ትልቅ በረከት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሰውነታቸው በተላኩበት አገር ሆኖ ኑሯቸው ጅማ የቀረ ልጆች እያየሁ እጨነቃለሁ። ማታ ቤት ምን እንደተበላ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የአክስት ልጅ ጥሎሽ እንዴት እንዳለቀ ያውቃሉ፤ ግድግዳ የሚጋራቸውን ጎረቤት ስም ግን አያውቁትም። የሳምንቱን አንድ ወይም ሁለት ቀን ለቤተሰብ ለዩ፤ ቤተሰቡም ያን ቀን ይወቀው። ሌላው ምሽት በተላካችሁበት አገር ላሉት ሰዎች ይሁን። ቋንቋ የሚለመደው ምሽት ላይ በር ላይ ተቀምጦ ነውና። ሰዓቱንም አስቡ፤ ቻድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እናንተ እራት በልታችሁ ስትደውሉ እናታችሁ እንቅልፏን ይዛ ነው የምትጠብቃችሁ።

ስትደውሉም "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብላችሁ አትዝጉ። እናት ከድምፅ ታውቃለች፤ ያልነገራችኋትን ደግሞ ከእውነቱ አብዝታ ታስበዋለች። "ትናንት ናፍቀሽኝ አለቀስኩ፤ ዛሬ ይሻለኛል፤ ምሳ እንዲህና እንዲህ በላሁ" ብትሏት ተረጋግታ ታድራለች። ከባዱን ነገር የምትነግሩት አንድ ሰው ደግሞ ይኑራችሁ፤ ወንድም ይሁን፣ እህት ይሁን፣ የጸሎት ጓደኛ ይሁን። ያ ሰው ለጉባኤ የማያወራ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ መርዶ ነው። በባህላችን ሰው ርቆ ሳለ ከቤቱ ሰው ቢሞት አይነገረውም። እስኪመጣ ይደበቃል፤ ሲመጣም ሽማግሌዎችና ዘመድ ተሰብስበው ማለዳ በር አንኳኩተው ያረዱታል። ጥበብ ያለበት ሥርዓት ነው። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ እንዲኖር የታሰበ ነው። ችግሩ ለዓመታት ወደማይመጣ ልጅ ሲሆን ነው። የእኔ አባት ያረፈው እኔ ቻድ ሳለሁ ነው። ደብዳቤው ግን መምጣቱን አላቆመም። "አባትሽ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል፣ እግሩን ትንሽ ያመዋል" የሚል። በወንድሜ እጅ የተጻፈ፣ እናቴ እያለቀሰች ያስጻፈችው። እኔም በየደብዳቤዬ ለእግሩ የሚሆን መድኃኒት እጽፍ ነበር። ለሥራ ኢንጃሜና የመጣ ያገራችን ሰው አግኝቶኝ፣ የማውቅ መስሎት፣ እጄን ይዞ "እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ደግ ሰው ነበሩ" አለኝ። ከሞተ ወራት አልፈውት ነበር። ሰልስቱም ተዝካሩም አልፏል። እድሩ ድንኳኑን ተክሎ ነቅሏል።

ቤተሰቤን አልወቀስኩም፤ ዛሬም አልወቅስም። እኔን ለማዳን ያደረጉት ነው። ግን ለእናንተ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ዛሬ ደግሞ ከዚያ የባሰ መንገድ አለ፤ ቤተሰብ እየደበቀ ሳለ ያልታሰበ ሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶ አውጥቶ "ነፍስ ይማር" ይላል። ልጁም በጤና ጣቢያ ወረፋ መካከል ስልኩን ሲከፍት ያየዋል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተስማሙ። በቤት ሞት ወይም ከባድ ሕመም ቢመጣ ማን እንደሚነግራችሁ ስሙ ተጠርቶ ይታወቅ። ያ ሰው በቀጥታ ለእናንተ አይደውልም፤ አብሯችሁ ላለ የሥራ ባልደረባ ወይም እዚያ ላለ ሽማግሌ ይደውላል፤ እነሱ መጥተው ያረዷችኋል። እስከዚያ ድረስ ማንም ምንም ነገር እንዳይለጥፍ ለዘመድ ይነገር። ለቀብር ትመጣላችሁ ወይስ አትመጡም፣ የአውሮፕላኑን ትኬት ማን ይከፍላል፣ ይህም ከላከችው ቤተ ክርስቲያን ጋር አስቀድሞ ይነገር። እናንተ በሌላችሁበት በወላጆቻችሁ እድር ማን ቆሞ እንደሚያገለግል፣ ድንኳን ሲተከል በልጅ ቦታ ማን እንደሚቀመጥም ይወሰን። እናቶች ይህን ወሬ አይወዱትም፤ "ምን ያሟርታል?" ይላሉ። ታገሷቸው፤ ግን ሳትጨርሱ አትነሱ።

ያን ጊዜ እኔን ማን አጽናናኝ መሰላችሁ? ከጤና ጣቢያው ተመልሼ በር ዘግቼ ተኝቼ ሳለ ጎረቤቴ የሆነች ሴት አንኳኳች። በየማለዳው ሰላም የምንባባል፣ የልጇን ትኩሳት ያየሁላት፣ እኔም ቋንቋዋን እየሰባበርኩ የምጠይቃት ሴት ናት። መርዶዬን ሰምታ ሌሎች ሴቶችን ይዛ መጣች። ግቢዬ ውስጥ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ተቀመጡ። ብዙ አላወሩም። አንዷ ሻይ በከሰል ጣደች፤ ሌላዋ የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ይዛ መጣች። በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን መጡ። ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁም ያውቃሉ። ልክ መንደራ ላይ አባቴ ሲሞት እናቴ ዘንድ የተቀመጡት ሴቶች እንዳደረጉት ነው ያደረጉልኝ። ለቅሶ የሚደርሳችሁ ጎረቤት በችግር ቀን አይገኝም፤ ቀድሞ በሰላምታና በቡና ነው የሚገኘው። የጅማ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቅበታል። በአንድ አጥር ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውርኛ፣ ከፍኛ እየሰማችሁ፣ ለፋሲካም ለዒድም ሳህን እየተመላለሰ ነው ያደጋችሁት። ጀበናችሁን ያዙ፤ ቡናውንም። ለራሳችሁ ብቻ ግን አታፍሉት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የምትሄዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። የክትባት ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አይላችኋለሁ። በዚህ ጊዜ ግን ብቻችሁን አትምጡ፤ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ኑ። ያልኳችሁን የመርዶ ነገር በእናንተ አፍ ለመጀመር ከከበዳችሁ እኔ እጀምርላችኋለሁ።