ኪቦርዴን ለሱቅ ልስጥ ወይስ ራሴ ልሽጥ? ላልሽው እህታችን

ጥያቄሽን ላላነበበ በአጭሩ ልድገመው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖሪያለሽ፤ ቤተክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ኪቦርድ ትጫወቻለሽ። አሮጌውን ያማሃሽን ይዘሽ ሱቅ ሄድሽ። አዲሱ 2,400 ዶላር ነው፤ አሮጌውን በ500 እንይዝልሽ አሉሽ። ጓደኛሽ ደግሞ «አብደሻል? ራስሽ ብትሸጪው 900 ያወጣል» አለችሽ። የቱ ይሻላል ነው ያልሽው።

እኔ ዕቃ መቀያየር የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ። ሰርግ ላይም፣ ሬስቶራንትም፣ ቤተክርስቲያንም ተጫውቻለሁ። ኪቦርድ፣ ስፒከር፣ ሚክሰር ለሱቅ በትሬድ ኢን (አሮጌውን ሰጥቶ ከአዲሱ ዋጋ ማስቀነስ) ሰጥቻለሁ፤ በእጄም ሸጫለሁ። መልሴን ቀድሜ ልንገርሽ። የኛን ዓይነት ኪቦርድ፣ ማለትም ምቱንና አጃቢውን ራሱ የሚያወጣውን አሬንጀር፣ ለሱቅ አትስጪ። ማይክ፣ አምፕ ወይም ተራ ጊታር ቢሆን ኖሮ ግን ብዙ አትድከሚ፣ ስጪና ተገላገዪ እልሽ ነበር።

መጀመሪያ ሱቁ ለምን 500 እንዳለሽ እንይ። ሌባ ስለሆነ አይደለም። እነዚህ መደብሮች መልሰው ይሸጥልናል ብለው ከሚገምቱት ዋጋ ግማሽ ገደማ ነው የሚሰጡት፤ ከበዛ 60 በመቶ። ዕቃውን ይፈትሹታል፣ ያጸዱታል፣ መደርደሪያ ላይ ያቆዩታል፣ ለገዢው መመለሻ ቀን ይሰጣሉ። በብዙ ቦታ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ የተሰረቀ እንዳይሆን ለተወሰኑ ቀናት ሳይሸጥ እንዲያቆየው ህጉ ያስገድደዋል። መታወቂያሽን የሚጠይቁሽም ለዚህ ነው፤ አትቀየሚ።

ችግሩ ሌላ ነው። የሱቁ ልጅ ኪቦርድሽን ሲመረምር ምን እንዳደረገ አስታውሺ። የሞዴሉን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። ሄድፎን ሰክቶ ጥቂት ቁልፎች ነካካ። ጭረት ካለ ጎንና ጎኑን አየ። ከዚያ ዋጋ ነገረሽ። ያላየው ግን ብዙ ነው። ውስጡ ያለውን የችክችካ ስታይል (አጃቢ ምት) አላየም። የጉራጌውን ምት አልሰማም። ለአንቺሆዬና ለአምባሰል እያልሽ ያስተካከልሽውን ቅኝት፣ በየመዝሙሩ ስም ያስቀመጥሽውን ሁሉ አያውቀውም። ቢያውቅም አይከፍልበትም፤ ለማን ይሸጠዋል? አሜሪካውያኑ ሙዚቀኞች በብዛት ሲንተሳይዘር ወይ ዲጂታል ፒያኖ ነው የሚፈልጉት። አሬንጀር ኪቦርድ፣ ያማሃም ይሁን ኮርግ፣ እዚህ አገር ሱቅ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ነው የሚውለው። ከኛ ሰው ዘንድ ግን ይፈለጋል። ብቻውን ሰርግ የሚይዝ ሰው ያለሱ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንቺ ቨርጂኒያ መሆንሽ ትንሽ ይጠቅምሻል። እዚያ አሮጌ ሰጥተሽ አዲስ ስትገዢ የሽያጭ ታክሱ የሚታሰበው በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው። በእናንተ አካባቢ ታክሱ 6 በመቶ ነው። በ2,400 ላይ 144 ዶላር ትከፍይ ነበር፤ 500 ሲቀነስ በ1,900 ላይ 114 ይሆናል። ስለዚህ የሱቁ 500 በተግባር 530 ነው። ወንዙን ተሻግረሽ ሜሪላንድ ብትገዢ ይሄ ጥቅም የለም፤ ታክሱ በሙሉው ዋጋ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ጓደኛሽ ያለችው 900ም ቢሆን 900 ሆኖ ኪስሽ አይገባም። ሪቨርብ (የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት ድረ ገጽ) ላይ ብታወጪው ድርጅቱ 5 በመቶ ይወስዳል፤ ለክፍያው ማስተናገጃ ደግሞ 3 በመቶ ገደማ። ያ ብቻውን ወደ 75 ዶላር ነው። ከዚያ ካርቶን ፈልጊ፣ ስፖንጅ ጠቅጥቂ፣ ላኪ። አንድ ሜትር የሚረዝም ዕቃ በፖስታ ሲላክ፣ ኢንሹራንሱ ተጨምሮ፣ ከ100 ዶላር ብዙም አይወርድም። የመላኪያውን ራስሽ ከቻልሽው 720 አካባቢ ይቀርሻል። ከሱቁ 530 ጋር ያለው ልዩነት 190 ዶላር ነው። ለዚህ ብለሽ ፎቶ ስታነሺ፣ «የመጨረሻ ዋጋሽ ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ መልስ ስትሰጪ፣ መንገድ ላይ ተሰብሮ ይሆን እያልሽ ስትጨነቂ መሰንበት አለ። ሁለት ሥራ የምትሠሪ ከሆነ አንድ የሥራ ቀን ማጣት ራሱ ይበላዋል። ስለዚህ ሽያጩ በፖስታ ከሆነ፣ ሱቁ ያን ያህል መጥፎ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ነው የሚያዋጣው፤ ለኛው ሰው፣ እጅ በእጅ። ኮሚሽን የለ፣ ፖስታ የለ። በቴሌግራም የሙዚቀኞች ግሩፕ ላይ አውጪ፤ የመዘምራን ኅብረቶችን ጠይቂ፤ ፎልስ ቸርችና ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ የሀበሻ ሱቆች ሰሌዳ ላይም ለጥፊ። ስታይሎቹ በሀበሻ ምት የተሞሉ መሆናቸውን ጻፊ። ከሁሉም በላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሥሪ፦ አንድ ትዝታ፣ አንድ ችክችካ፣ አንድ መዝሙር። መቶ መስመር ከመጻፍ ያ ይበልጣል። እኔ ብሆን 950 ብዬ አወጣና 850 ሲደርስ እሰጣለሁ።

ግን ሀበሻ ለሀበሻ ሲሸጥ የራሱ ጣጣ አለው፤ ይሉኝታ። «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን እቁብ ሲደርሰኝ» የሚል ይመጣል። «ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ቀንሺ» የሚል ይመጣል፤ እሱን እምቢ ማለት ከሁሉም ይከብዳል። ወር ቆይቶ ደግሞ «አንዷ ቁልፍ ዝም አለች» ብሎ የሚደውል አለ። እኔ ለዚህ ያገኘሁት መላ ቀላል ነው። ገዢውን ቤት እጠራለሁ። ቡና ይፈላል። ሰዓት ሙሉ ይጫወትበታል፤ እያንዳንዱን ቁልፍ፣ እያንዳንዱን በተን ይሞክራል። ከዚያ «አይተህ፣ ሞክረህ፣ ወደኸው ወስደሃል» ብዬ በቴሌግራም እጽፍለታለሁ፤ «አዎ» ብሎ ይመልሳል። ገንዘቡ ተከፍሎ ሳያልቅ ኪቦርዱ ከበር አይወጣም። ወንድሜም ቢሆን። አኩርፎ የሄደ አለ፤ ሌላ ገዢ ይዞልኝ የመጣም እሱው ነው።

ገዢሽ ወደ አዲስ አበባ ሊወስደው ከሆነ ሁለት ነገር ይጠይቅሻል፤ ቀድመሽ ተዘጋጂ። አንዱ መብራት ነው። አዳፕተሩን ገልብጠሽ ጽሑፉን አንብቢ። 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ አገር ቤትም ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን እዚያ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ሌላ ይገዛለት። ሁለተኛው ሻንጣ ነው። ባለ 61 ቁልፉ አሬንጀር 11 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ክብደቱ ችግር የለውም። መጠኑ ነው ችግሩ። አየር መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሳንቲሜትር ነው የሚፈቅዱት፤ ኪቦርዱ ራቁቱን እንኳ እዚያ ይደርሳል። ካርቶን ሲገባ ያልፋል፤ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖር እንደሚችል ንገሪው። ኋላ ኤርፖርት ላይ ሆኖ አንቺን እንዳይረግም።

ለማንም ሸጠሽ ለማንም፣ መጀመሪያ አጽጂው። የሬስቶራንት ኪቦርድ ከፍተን ከቁልፎቹ ስር ፈንዲሻ የለቀምንበት ጊዜ አለ፤ የዕጣኑን ጭስማ ተዪው። አንዳንድ ቁልፍ ቀስ ብለሽ ስትነኪው ዘሎ የሚጮህ ወይም ጭራሽ የማይሰማ ከሆነ ኪቦርዱ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከቁልፉ ስር ያለው የጎማ ኮንታክት ቆሽሾ ነው። የሚችል ሰው ከፍቶ በአልኮል ይጠርገዋል፤ አለቀ። ሱቁ ግን ለዚያች አንድ ቁልፍ መቶ ዶላር ሊቀንስብሽ ይችላል፤ ወይም ጭራሽ አይወስደውም።

ስታይሎችሽንና ያስቀመጥሻቸውን ሁሉ በፍላሽ ቅጂ። በገንዘብ የገዛሽው ፓክ ካለ ከዚያው ኪቦርድ ጋር የታሰረ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አዲሱ ይዛወር እንደሆነ ሳትሸጪ አረጋግጪ። ለሱቅ የምትሰጪ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም አጥፍተሽ ስጪ። ልፋትሽን በነጻ ምን አስረከበሽ?

ስለ ክፍያ፦ ለማያውቁት ሰው በኢንተርኔት ስትሸጪ ዜል (በባንክ አፕ ገንዘብ መላኪያው) ላይ ተጠንቀቂ። «ከፍያለሁ፣ ኢሜይልሽን እዪ» ይልሻል፤ ኢሜይሉ የውሸት ነው። የባንክሽን አፕ ከፍተሽ ገንዘቡን ካላየሽ አልተከፈለም። ከዋጋው በላይ ቼክ ጽፎ «ትርፉን መልሺልኝ» የሚልማ ሌባ ነው፤ መልስም አትስጪው። ፌስቡክ ላይ ያገኘሽውን ሰው ባንክ ውስጥ ወይ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ተገናኚው፤ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለዚህ የተመደበ ቦታ አላቸው።

በሪቨርብ ወይም በመሳሰሉት ሸጠሽ ዓመቱን 600 ዶላር ካለፈ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ላሉ ሰዎች 1099 ኬ የሚባል የግብር ቅጽ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጪ። ለራስሽ የተጠቀምሽበትን ዕቃ ከገዛሽበት በታች ከሸጥሽ ትርፍ የለሽም፤ ግብር የሚጠየቅበት ነገር የለም። የገዛሽበትን ደረሰኝ ብቻ አትጣዪ።

ታዲያ ለሱቅ የሚሰጠው ምንድን ነው? ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዕቃ። ለምሳሌ ሹር ኤስኤም 58 ማይክ። አዲሱ 100 ዶላር አካባቢ ነው፤ ገበያው ላይ ደግሞ ፎርጂዱ ስለበዛ ገዢ ሁሉ ይጠራጠርሻል። ለጥቂት ዶላር ብለሽ ከአሥር ሰው ጋር ከመጨቃጨቅ ሱቅ ስጪው። ከባድ የባስ አምፕም እንደዚያው፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማን ይሸከማል? በተቃራኒው ክራርና ማሲንቆ ይዘሽ አትሂጂ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው የሚመስላቸው፤ ልባቸው የተከፈተ ዕለት 20 ዶላር ይሉሻል።

ለሱቅ መስጠት ግድ ከሆነብሽም (አዲሱን ለእሁድ የምትፈልጊው ከሆነ፣ ወይ ቤት ውስጥ ሁለት ማስቀመጫ ከሌለሽ) አሮጌውን መኪና ውስጥ ተዪውና ግቢ። መጀመሪያ የአዲሱን ዋጋ ጨርሺ። ቅናሽ ካለ፣ ተከፍቶ የተመለሰ ዕቃ ካለ ጠይቂ። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው «አሮጌስ ትይዙልኛላችሁ?» ማለት። ሁለቱን አንድ ላይ ከጀመርሽ በአንዱ የሰጡሽን በሌላው ይወስዱብሻል። ጥሬ ገንዘብና በዕቃ የሚታሰበውን ለየብቻ ጠይቂ፤ አንዳንዱ ሱቅ በዕቃ ሲሆን ጨመር ያደርጋል። ከ500 ወደ 600 ካወጡሽ፣ ከታክሱ ጋር 636 ማለት ነው፤ እሱን ብትወስጂ አልፈርድብሽም።

ስታንዱን፣ ቦርሳውንና ፔዳሉን ግን ለሱቁ አትጨምሪ። አምስት ሳንቲም አይቆጥሩልሽም። ራስሽ የምትሸጪ ከሆነ ስታንዱን ለምርቃት አቆዪው። ገዢው 850 ላይ ደርሶ «ሃምሳ ቀንሺና ልውሰደው» ሲልሽ፣ ዋጋውን ሳትነኪ «ስታንዱን መርቄሃለሁ» በዪው።