አንደኛ የወጣው ፓርቲ መንግሥት ሳይመሠርት ሲቀር

«እስራኤል ውስጥ የካዲማ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ምርጫ አንደኛ ወጥቶ እንዴት ኔታንያሁ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ? ድምፅ ተሰርቆ ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፦ የተሰረቀ ነገር የለም።

እስራኤል ውስጥ የምትመርጠው ፓርቲ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አይደለም። ፓርላማው፣ ክኔሴት የሚባለው፣ 120 ወንበር አለው። ያኔ ካዲማ 28 አገኘ፣ የኔታንያሁ ፓርቲ ሊኩድ 27። በ28 ወንበር ደግሞ ብቻህን አገር አትመራም።

ስለዚህ ከምርጫው በኋላ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹን እየጠራ ማንን እንደሚደግፉ ይጠይቃል፤ ዕድሉን የሚሰጠውም ብዙ ወንበር ላገኘው ሳይሆን አብላጫውን ያሰባስባል ብሎ ላመነበት ሰው ነው። ዕድሉን ያገኘው ሰው ጥምር መንግሥት ለመመሥረት 28 ቀን አለው፣ ቢበዛ 14 ቀን ይጨመርለታል። በ2009 አብዛኞቹ ወደ ኔታንያሁ ስላዘነበሉ ጥምሩን እሱ መሠረተ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎች «እኛ እኮ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ራሱን መርጠናል» ካሉህም እውነታቸውን ነው። በ1996፣ በ1999 እና በ2001 ለእሱ ለብቻው ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ቀረ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ድምፅ ለመስጠት በመጀመሪያ ቀኔ ከመከለያው ጀርባ ስገባ ትንንሽ ወረቀቶች ተደርድረው ጠበቁኝ፤ በላያቸው ጎልቶ የሚታየው የየፓርቲው ፊደል ብቻ ነው፣ ዕብራይስጤም ገና ነበርና ላብ አጠመቀኝ። የፓርቲህን ፊደል ቤት እያለህ አጥናው። ፖስታው ውስጥ የሁለት ፓርቲ ወረቀት ከከተትክ ድምፅህ ውድቅ ይሆናል። ከማሸግህ በፊት አንዴ ቆጥረህ እየው፣ ማንም አያስቸኩልህም።